የሚልክዊዱ መርዶ

ንጋቱ ሲያዛጋ በካሊፎርኒያው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ያለ ሰው ሁሉ አብሮት ያዛጋል ይባላል። እንዲያውም አንድ ቅዳሜ ያዛጋው ማዛጋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሳንታ ሞኒካ ድረስ እንደወረደና ባሕሩ ዳር ፀሐይ ላይ የተሰጡትን ፈረንጆች ከነመነጽራቸው እንዳስተኛ የሚምሉ አሉ። ይሄ እንኳ ማጋነን ነው፤ የላ ሲየኔጋን ጎዳና ሲሻገር በዓይኑ ያየ የለም።

ድካሙ ግን ማጋነን አይፈልግም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የኩላሊት ሕመምተኞችን ከየቤታቸው በቫን ይለቅምና ደማቸው ወደሚታጠብበት ክሊኒክ ያደርሳቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ለቅሞ ይመልሳቸዋል። አመሻሹ ላይ ደግሞ ሊትል ኢትዮጵያ መጥቶ ልዩ ከምትባል ሴት ምግብ ቤት ጀርባ ያለችውን ፓርኪንግ ይጠብቃል። እዚህ ሰፈር እንግዳ ሁሉ በመኪና ነው የሚመጣው፤ «መኪናዬን የት ላድርግ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሃይማኖትም ከፖለቲካም ይልቅ ሰው ያጣላል። ንጋቱ ለስምንት መኪና በተሠራች ግቢ አሥራ አምስት ያስገባባታል። «ይሄን ሰውዬ ኖኅ ቀጥሮት ቢሆን ዳይኖሰሮቹም አይቀሩም ነበር» ይላል ጓደኛው እንዳሻው፤ ጡረታ የወጣ ባለታክሲ ነው፣ ምላሱ ግን ገና በሥራ ላይ ነው።

የፓርኪንጉን ሥራ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የያዘው። ልዩ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ «ጋሼ ንጋቱ፣ በናትህ ሰው እስካገኝ ትንሽ ቆይልኝ» አለችው። ሰው ፍለጋው ይኸው ስምንተኛ ዓመቱን ያዘ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ «እንግዲህ ልሂድ» ብሏት ነበር። አንዴ ክትፎ አቀረበችለት፣ አንዴ አለቀሰች። ሁለቱንም ጊዜ ቁጭ አለ።

እንዲህ ደክሞት ሳለ ነው አደራ የተጨመረበት።

እትዬ ማርጆሪ ከቫኑ ተሳፋሪዎች አንዷ ነበሩ፤ ሚድ ዊልሻየር አንድ አሮጌ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ። የእናቱን እኩያ «ማርጆሪ» ብሎ መጥራት አፉን ስላሰረው «እትዬ» ጨመረበት። ትርጉሙን ሲነግራቸው በጣም ወደዱት፤ ከዚያ ወዲያ ነርሶቹ እንኳ «እትዬ» ካላሏቸው ለመርፌ ክንዳቸውን አይዘረጉም ነበር።

በረንዳቸው ላይ በአበባ ፖት የተከሉት ነገር ነበራቸው። ተክል ይባል እንጂ መልኩ የአረም ነው፤ ቀጫጭን ቅጠል፣ ደብዛዛ ሮዝ አበባ፣ ሲቆርጡት ወተት የሚያነባ። ሚልክዊድ ይሉታል፤ የካሊፎርኒያ የገዛ አፈሯ ልጅ ነው። ሞናርክ የምትባለው ብርቱካንማና ጥቁር ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው በሚልክዊድ ላይ ብቻ ነው። ትሏም ሌላ ቅጠል ቢያቀርቡላት ተርባ ትሞታለች እንጂ አትቀምስም፤ ጾመኛ ናት፣ ፋሲካ የሌላት ጾመኛ። ከተማው ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ሚልክዊዱን እየነቀለ ኮንክሪት ሲያፈስበት ስለኖረ ቢራቢሮዋ ከዓመት ዓመት እየሳሳች ሄዳለች። እትዬ ማርጆሪ ይህን ሁሉ በቫኑ ውስጥ ለንጋቱ ሲያስተምሩ፣ ቀይ መብራት ላይ እያንቀላፋም ቢሆን ይሰማቸው ነበር።

በፈረንጆቹ 2015፣ ድርቁ ባየለበት ዓመት፣ እትዬ ማርጆሪ ደረጃ መውጣት አቃታቸውና ጋርዴና ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። እዚያ በረንዳ የለም፤ ወደ ክሊኒክም የሚያመላልሳቸው የመኖሪያው መኪና ሆነ። የሄዱ ዕለት ፖቶቹን ለንጋቱ እያሳዩ፣ «እነዚህን ያዝልኝ እስቲ» አሉት፤ ጃንጥላ እንደሚያስይዝ ሰው፣ እንዲሁ በዋዛ። ለንጋቱ ግን የሰው ነገር በዋዛ አይያዝም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ፖቶቹን አንድ በአንድ እንደ ታቦት አቅፎ አወረዳቸው።

የእሱ ክፍል መስኮቷ ግድግዳ ስለምታይ፣ በልዩ ፓርኪንግ ጥግ ላይ ካለችው የሲጋራ ቁራጭ መጣያ ቀጭን አፈር ላይ ተከላቸው። የቅመም ሱቅ ያለው የወሎው ሰው ዘይኑዲን አካፋ አዋሰው፤ እንዳሻው ደግሞ ምክር አዋጣ፣ አካፋ ግን አልነካም። በበጋው ቢራቢሮዎቹ መጡ። ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ ያን ሁሉ ኮንክሪት አልፈው፣ የአሥራ አምስት መኪና ጭስ ሰንጥቀው መጡ።

«ስሟን ማን አልከኝ?» አለ እንዳሻው።

«ሞናርክ።»

«ንጉሥ ማለት ነው እኮ! ስማልኝ ዘይኑዲን! በወጣትነታችን ሰልፍ ወጥተን ንጉሥ አወረድን። ለዚሁ ጣጣ ተሰደድን። አርባ ዓመት ቆይተን ይኸው እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ንጉሥ እንቀልባለን!»

«ይሄኛው እንኳ ግብር አይጠይቅም» አለ ዘይኑዲን።

«ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ በልቶት! ከዚህ ሌላ ግብር የት አለ?»

ንጋቱ አልሳቀም። መሳቅም ጉልበት ይፈልጋል።

በጋው ሲያልፍ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። አጠጣው። ከተማው ሣር ማጠጣትን ከነፍስ መግደል እኩል በሚያይበት ወራት፣ ንጋቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየደበቀ እንደ ጠጅ ቀጂ አጎንብሶ አጠጣው። ባሰበት። በጸሎት ቤቱ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ «ስለ አንድ አደራ» ብሎ አስያዘ፤ ምእመናኑ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ መስሏቸው በእንባ ጸለዩለት። ኅዳር ሲገባ አንድ አረንጓዴ ነገር አልቀረም። ከመሬት የቆመው ግራጫ እንጨት ብቻ ነው፣ ሲነኩት ቀጭ የሚል።

እትዬ ማርጆሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ።

«ልጆቼ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ምን ይበል? የሞት ወሬ በስልክ ይነገራል እንዴ? ሰው አገር ቤት ወንድሙ ሞቶ «ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል» እየተባለ ዓመት ይቀመጥ የለም ወይ? ንጋቱ ስልኩን በዘጋ ቁጥር ግን ጀርባው ላይ አንድ ኩንታል ይጨመርበታል።

መላ ያገኘ የመሰለው አንድ የአትክልት መሸጫ ሲገባ ነው። እዚያ አንድ ሌላ ሚልክዊድ አየ፤ ቀይና ቢጫ አበባው የሚንቦገቦግ፣ ቅጠሉ እንደ ተቀባ አረንጓዴ። ሻጩ «ይሄ ከሞቃት አገር የመጣ ነው፣ ክረምት ከበጋ አይደርቅም» አለው። ንጋቱ የሚያስታውሰው ወደ ቫኑ ሲጭነው ብቻ ነው። ከሞቱት አጠገብ ደርድሮ ተከለው። የሞቱትን ነቅሎ ሊጥልም አስቦ ነበር፤ ሬሳ ከእንግዳ ፊት አይተውም። ግን ማጎንበሱ ከበደው። ነገ እነቅለዋለሁ አለ። ነገም ነገ አለ።

አዲሱ ተክል ታምር ሠራ። ቢራቢሮ ሁሉ ከሰፈሩ በሚጠፋበት በታኅሣሥ፣ የልዩ ፓርኪንግ ሠርግ ቤት መሰለ። ንጋቱ ደስ አለው፤ የደከመ ሰው ደስታ፣ ቁጭ ብሎ የሚደሰቱት። አንዷ አበባውን ለቃ ወደ ጣሪያው ስትነሳ «ወዴት ነው ችኮላው? ገና መች ጠጣሽና!» ይላታል። እሷም ትመለሳለች። እንዲህ ነው እንጂ እንግዳ! በደንብ የተያዘ እንግዳ ካፖርቱን አንስቶ እንኳ መልሶ ይቀመጣል።

ከሁሉ የተደሰተችው ግን ልዩ ናት። ግድግዳው ላይ «የቢራቢሮ ገነት» የሚል ባነር በእንግሊዝኛና በአማርኛ አሰቀለች። የጾም በያይነቱን ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቃሪያ አጋድማ «ቢራቢሮ ኮምቦ» ብላ ሰየመችው። ወረፋው በረዘመበት እሑድ ሰልፈኛው ሚድ ዊልሻየር ደርሶ የአውቶቡስ ወረፋ የመሰላቸው ሰዎች ከኋላው እንደቆሙና ሳያስቡት ሽሮ በልተው እንደተመለሱ እንዳሻው ያወራል።

ጥር ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ንጋቱ አንድ ማምሻ አጥሩ ላይ ከተንጠለጠለች፣ ትሏ ተጠቅልላ ከምትለወጥባት አረንጓዴ ከረጢት አንዲት ቢራቢሮ ስትወጣ አየ። ክንፏ አልዘረጋ አለ። ኪስ ውስጥ የታጠበ ደረሰኝ መሰለ፤ ጭምድድ ያለ። ወደቀች። በጣቱ አንስቶ ግንዱ ላይ አስቀመጣት። እንደገና ወደቀች። አስፋልቱ ላይ እየተሳበች፣ ያን የተጨማደደ ክንፍ እየጎተተች ከመኪና ጎማ ሥር ገባች። በነጋታው ሌላ አየ። በሳልስቱ ደግሞ ሌላ።

ንጋቱ ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደራ ሞቶበታል፣ በላዩ ዋሽቷል፣ ውሸቱ ደግሞ ክንፍ አውጥቶ መሬት ለመሬት ይሄዳል።

ለጓደኞቹ ነገራቸው።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ ዘይኑዲን። «ሴትየዋ መርዶ አልተነገራቸውም። መርዶ ያልተነገረው ሰው ሳያለቅስ፣ ሟች እንዴት ያርፋል?»

«ለአረም ነው መርዶ?» አለ እንዳሻው።

«ለአደራ ነው።»

እንዳሻው ሊስቅ አፉን ከፈተና የንጋቱን ፊት አይቶ ከደነው። «እንግዲያው በወጉ ይሁን» አለ። «በስልክ አይሆንም። ብቻህንም አይሆንም። በማለዳ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ሽማግሌ ይዞ ነው።»

እሑድ፣ ክሊኒኩ ዝግ በሆነበት ቀን፣ ሦስቱ ሰዎች ገና ሳይነጋ ወደ ጋርዴና ወረዱ። እንዳሻው ለቀብር ብቻ የሚወጣ ጥቁር ሱፉን ለብሷል። ዘይኑዲን ጥቁር ካፖርት ደርቦ ቆቡን አድርጓል። ንጋቱ ደግሞ ፊቱ ራሱ ጥቁር ልብስ ሆኖለታል። መኖሪያው በሩን የሚከፍተው ዘግይቶ ስለሆነ ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ንጋቱ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ማዛጋቱ ተጋባባቸውና አብረውት ተኙ። ሲነቁ ፀሐይ መስታወቱን አንድዶታል።

ሎቢው ከምግብ አዳራሹ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው በሰልፍ ሲገቡ፣ ቁርስ ላይ የነበሩት አረጋውያን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን «ለማን ነው የመጡት?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ዊልቸር ያላቸው ወደየክፍላቸው ገሰገሱ። ለዓመታት ያልተራመዱ አንዲት ሴት ተነስተው ሄዱ ይባላል።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

«እትዬ ማርጆሪን» አለ ንጋቱ።

«እሳቸው እኮ ደህና ናቸው!» አለች ልጅቷ ደንግጣ። «አሁን ኦትሚላቸውን እየበሉ ነው!»

«በሉ?» አለ ዘይኑዲን በአማርኛ፣ ከልቡ አዝኖ። «ሳይቀምሱ መድረስ ነበረብን።»

ልጅቷ ክፍላቸው ስታስገባቸው፣ እትዬ ማርጆሪ አልጋቸው ላይ ከትራሱ ቀና ብለው ተመለከቷቸው። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው የአስተማሪ ዓይን ነው።

«ንጋቱ፣ ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?»

ዘይኑዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ማርጆሪ፣ ሁላችንም በዚች ምድር እንግዶች ነን። የሰጠ ይወስዳል። ነቢዩ አዩብ ስንቱን ችለዋል።»

«አዩብ ማነው? እሱ ነው የሞተው?»

«ሚልክዊዱ ነው» አለ ንጋቱ። «ሁሉም። ከኅዳር ጀምሮ። ደህና ናቸው እያልኩ ዋሸሁዎት። አደራዎን በላሁ።»

እትዬ ማርጆሪ ሦስቱን ተራ በተራ አዩአቸው። ሱፉን አዩ። ቆቡን አዩ። ሳቁ መጀመሪያ ከትከሻቸው ጀመረ፤ ከዚያ ትራሱን፣ ከዚያ አልጋውን አንቀጠቀጠ። ነርስ በሩን ከፍታ አየች።

«ክረምት እኮ ነው፣ የኔ ልጅ! የአገሩ ሚልክዊድ ክረምት ሲመጣ ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ ይተኛል። በየዓመቱ! ጸደይ ሲሆን ይነሳል። አልነገርኩህም?»

አልነገሩትም። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሏቸዋል። በድንገት ሳቃቸውን አቋረጡ።

«ሥሩን ነቅለኸዋል?»

እንዳሻው ወደ ጣሪያው፣ ዘይኑዲን ወደ ጫማው አየ።

«አልነቀልኩም» አለ ንጋቱ በሐፍረት። «ልነቅል ነበር። በየቀኑ ነገ እላለሁ። ደክሞኝ ነው።»

«ደክሞህ?»

«ደክሞኝ።»

«ጌታ ድካምህን ይባርከው» አሉ፣ እጁን ይዘው።

«በስንፍና የዳነ አዝመራ ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለ እንዳሻው በአማርኛ።

ንጋቱ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሆዱ ድረስ ተነፈሰ። ተንፍሶም አላቆመ፤ የምሥራች ጨመረ። ሌላ ሚልክዊድ መትከሉን፣ ቀይና ቢጫ አበባ እንዳለው፣ ቢራቢሮዎቹ እስካሁን እንዳልሄዱ፣ እንደሚያጠጣቸው፣ እንደማይለቃቸው ተረከላቸው። እየተረከ ሳለ የእትዬ ማርጆሪ ፊት ሲከስም አየ።

«ክንፋቸው የተጨማደደ አይተሃል?» አሉ በቀስታ።

ንጋቱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ስማኝ» አሉ። «በዚህ ወራት ባሕሩ ዳር ካለው ዛፍ ላይ ተሰብስበው፣ ተቃቅፈው ነው የሚያርፉት። ሳይወልዱ። ይሄ ያንተ አረንጓዴ ግን በየጠዋቱ ገና በጋ ነው እያለ ይዋሻቸዋል። ይወልዳሉ፣ ይደክማሉ፣ እንደገና ይወልዳሉ። ደግሞ ከላያቸው የሚረግፍ በሽታ አለ፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ። የአገሩ ቅጠል ሲደርቅ በሽታውም አብሮት ይወድቃል። በማይደርቀው ላይ ግን ይከማቻል። ትሏ ከቅጠሉ ጋር ትበላዋለች።»

«እንግዳ ያከበርኩ መስሎኝ ነው» አለ ንጋቱ።

«አውቃለሁ።»

«ትንሽ ቆዩ ማለት በኛ አገር…»

«አውቃለሁ። ግን መሄድ አለባቸው። ቁረጠው፣ እስከ መሬት።»

«ትሎች አሉበት፣ እትዬ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አውቃለሁ» አሉ ለሦስተኛ ጊዜ፣ እንደ መጀመሪያዎቹ ግን አልነበረም።

ሲመለሱ ፍሪዌዩ ላይ እንዳሻው አንዴ «ንጉሥ ማባረር ከሆነማ ልምዱ ያለኝ እኔ ነኝ» አለ። ሳቅ ስላላገኘ መስታወቱን ከፍቶ ወደ ውጭ አየ።

ፓርኪንጉ ሲደርሱ የእሑድ እንግዳ ሞልቷል። አንድ ቤተሰብ አበባው ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ንጋቱ የዘይኑዲንን የአትክልት መቀስ ይዞ ፎቶው እስኪያልቅ በትሕትና ጠበቀ። ልዩ ከኩሽናው በር ብቅ ስትል መቀሱን አየች።

«ጋሼ ንጋቱ፣ እሱ ለምንድን ነው?»

«ልቆርጠው ነው።»

«ምኑን? አበባውን? ዛሬ? ሰው እንደዚህ ሞልቶ? ቀልድህን ነው!»

«በሽታ ነው ልዩ። እየጎዳናቸው ነው። መሄጃቸው አልፏል።»

«ኦኬ፣ ይጎዳ ይሆናል፤ እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ግን ባነር አሠርቻለሁ! ሜኑ ቀይሬያለሁ! ቢያንስ እስከ ፋሲካ ትንሽ ይቆይ፣ በናትህ!»

«ትንሽ ቆይ እየተባለ ነው ክንፉ የተጣመመው።»

«እኔን ነው የምትለኝ?»

«ቢራቢሮውን ነው።»

ፎቶ ሲነሱ የነበሩት ሰዎች ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸው ስልካቸውን አወረዱ። ልዩ ፊቷ ቀላ። ሰው ፊት ነው የተናገራት፤ በገዛ ግቢዋ፣ በገዛ ገነቷ።

«ስማ፣ እሱን ከቆረጥክ ፓርኪንጉንም ልቀቅልኝ!»

ይህን ያለችው ለማስፈራራት ነበር። ንጋቱ ግን መቀሱን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልዩ» አለ። ከልቡ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህቺን ቃል ከአፏ የሚያወጣለት አልተገኘም ነበር።

«እንዴ! ጋሼ! በንዴት እኮ ነው!»

ንጋቱ አጎነበሰ። ወገቡ ጮኸ። የመጀመሪያውን ግንድ ሲቆርጥ ወተቱ ጣቱ ላይ ወረደ። ዓይኑን እንዳይነካ በክርኑ ግንባሩን እየጠረገ ቀጠለ። ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ሽንትር ያላቸው ትሎች አሁንም ቅጠሉን እየበሉ ነበር። ምን እንደተፈጠረ አላወቁም። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ አልጣለውም፤ ትሎቹ እስኪደርቅ ድረስ ያለውን ይብሉ ብሎ ከደረቁት ግራጫ እንጨቶች አጠገብ አጋደመው። አንዱን ትል በጣቱ ሊያነሳው አስቦ ተወው። ወዴት ይወስደዋል? ዘይኑዲን ሳይጠየቅ መጥቶ ከጎኑ ተንበረከከ። እንዳሻው ምክር ሳይሰጥ ቆሞ አየ፤ ይህም በታሪኩ የመጀመሪያው ነው።

ሲጨርሱ «የቢራቢሮ ገነት» ከሚለው ባነር ሥር የቀረው አፈር፣ ጉቶና ገለባ የመሰለ ደረቅ እንጨት ነው። መንገደኛ ቢያየው እሳት የበላው ግቢ ይመስለዋል። ከዚያ ሥር የተኛ ነገር መኖሩን የሚያውቁት ሦስት ሽማግሌዎችና ጋርዴና ያሉት አንዲት ሴት ናቸው። ልዩ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ፣ ሊያለቅሱም ሊሳደቡም የተዘጋጁ ዓይኖች ይዛ፣ ሁለቱንም ሳታደርግ ወደ ኩሽናዋ ገባች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ቢራቢሮ መጣች፤ ክንፏ ሙሉ የሆነ፣ ደህና። አበባው የነበረበትን ቦታ አንድ ጊዜ ዞረች። ደግማ ዞረች። ከዚያ ባነሩ ጫፍ ላይ አረፈችና ክንፏን ገጠመች።

ንጋቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አያት። እንግዳ ሳይሄድ ባለቤት አይነሳም፤ እንዲህ ነው ያደገው። ጠበቃት። ክንፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ለመሄድ የተዘጋጀች ይመስላል፣ አትሄድም። መኪና ይገባል፣ ማንም ቦታ አያሳየውም፤ ሁለት ሾፌሮች መጯጯህ ጀምረዋል። ልዩ ከውስጥ «ጋሼ ንጋቱ! ኧረ ጋሼ!» ትላለች።

የፓርኪንግ ሥራውን አንጸባራቂ ሰደርያ አውልቆ አጠፈና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«አንቺ ጊዜሽ ሲደርስ ሂጂ» አላት ቢራቢሮዋን። «እኔ ግን ደክሞኛል።»

እንግዳዋን ባነሩ ላይ ትቷት፣ ቀድሟት ወጣ።